ብልሽትን ከጥበብ የሚለይ ሰው

በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ «ማውዝ ቱ ማውዝ» የሚባል የ8 ደቂቃ ቪዲዮ አለ። በ1975 የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ካሴቶቹ ላይ የሰፈረው እሱ ስለሆነ።) እንደ እኔ የሰርግ ቪዲዮ ሲቀርጽ የኖረ ሰው መጀመሪያ ሲያየው እጁ ወደ አልኮልና ጥጥ ነው የሚሄደው። የዴኩ፣ ማለትም የካሴት ማጫወቻው፣ ሄድ (ቴፑን የሚያነበው ጫፍ) የቆሸሸ ይመስለዋል። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ይፈላል፤ ድሮ ጣቢያው ስርጭቱን ሲዘጋ ይመጣ የነበረው ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ነው። ከዚያ ከነጠብጣቡ መሐል የሴት አፍ ብቅ ይላል። አፍ ብቻ ነው፤ ዓይን የለ፣ ግንባር የለ። ይከፈታል፣ ይሞጠሙጣል፣ ወደ ጎን ይለጠጣል፤ የሚለው ነገር ግን አይሰማም። የሚሰማው የውኃ መውረድና የወፍ ጩኸት ነው። ደግሞ ነጠብጣቡ ይመጣና አፉን ይውጠዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ሌላ ቅርጽ ይዞ ይመለሳል።

አፉ የሚሠራቸው ስምንት የኮሪያ አናባቢዎች ናቸው። ሀሁን በቃሉ የቆጠረ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ካዕብ ላይ ከንፈር እንደሚሞጠሙጥ፣ ራብዕ ላይ አፍ ወለል እንደሚል ልጅ ሆነን የኔታ ፊት ለፊት ተቀምጠን አይተነዋል። እኔ ቪዲዮውን ድምፁን ዘግቼም አይቼዋለሁ፤ ያኔ ደግሞ ሰው ከመስታወት ማዶ ሆኖ ሲጣራ ይመስላል።

የአፉ ባለቤት ቴሬሳ ሃክ ክዩንግ ቻ ትባላለች። በ1951 ኮሪያ ቡሳን ተወለደች፤ ቤተሰቧ መጀመሪያ ወደ ሃዋይ፣ ቀጥሎም በ1964 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ መጣ። በርክሌይ ገብታ ሥነ ጽሑፍም ሥነ ጥበብም ተማረች፤ ዲግሪ በዲግሪ ላይ ደራረበች። እየተማረች በዩኒቨርሲቲው የፊልም ማህደር ውስጥ ተመልካች ታስገባ ነበር። በኅዳር 1982፣ «ዲክቴ» የተባለው መጽሐፏ በታተመ ሰሞን፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ተገደለች። 31 ዓመቷ ነበር። በ1992 ቪዲዮዎቿ፣ ረቂቆቿ፣ በእጇ የሠራቻቸው መጻሕፍትና ማስታወሻዎቿ ሁሉ ተሰብስበው እሷ ተማሪ ሆና ወደምታውቀው ሙዚየም ገቡ።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጉዳይ የሚጀምረው። ያንን የሚፈላ ነጠብጣብ ያስገባችው ራሷ ቻ ናት። ግን ካሴቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኖታል፤ ዕድሜም ነጠብጣብ ያመጣል። ቴፑ የተሸከመው ቡናማ ዱቄት በተላጠበት ቦታ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ነጭ መስመር ብልጭ ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው ዴኩ ፊት ተቀምጦ «ይቺ የእሷ ናት፣ ይቺ የጊዜ ናት» ብሎ መለየት አለበት። የእሷን መንካት ሥራውን ማጥፋት ነው። የጊዜውን ዝም ብሎ ማለፍ ደግሞ ስንፍና ነው። የዛሬ ኮምፒውተር ሁለቱንም አንድ አድርጎ «ጉድለት» ይላቸዋል፤ አንድ ቁልፍ ስትነካለት ሁለቱንም አብሮ ይጠርግልሃል።

የምለው ይህን ነው፦ የመጀመሪያዎቹን የቪዲዮ ሥራዎች ማቆየት ከማሽንም ከገንዘብም በፊት የሚለይ ሰው ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚፈጠረውና የሚኖረው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ቤት ነው። ሙዚየሞች ግን ለአዲስ ሰርቨር በጀት ሲጠይቁ እንጂ አሮጌ ዴክ ለሚያውቅ ሰው ደመወዝ ሲጠይቁ ብዙም አንሰማም።

መሣሪያውን ያላየ ሰው ክርክሩ አይገባውምና ስለ እሱ ትንሽ ላውራ። ሶኒ ፖርታፓክ የተባለውን ተሸካሚ መቅረጫ በ1967 አወጣ። ከእሱ በፊት ቪዲዮ ማለት በአብዛኛው የቴሌቪዥን ጣቢያ ንብረት፣ ቁም ሳጥን የሚያክል ማሽን ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ ወደ 9 ኪሎ የሚመዝን ነገር ትከሻ ላይ አንጠልጥሎ፣ ካሜራውን በገመድ ይዞ መንገድ ላይ መውጣት ያስቻሉ ናቸው። ቴፑ የግማሽ ኢንች ጥቅል ነው፤ አንዱ ጥቅል 30 ደቂቃ ያህል ይይዛል። ፊልም ቢሆን ላብራቶሪ ሄዶ ታጥቦ እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ይኼኛው ግን እዚያው ይታያል። አርቲስቶቹን ያሳበዳቸውም ይኸው ነው። ሰው ራሱን እየቀረጸ ራሱን ማየት ቻለ።

ካሜራው ክፉ አመል ነበረው። ውስጡ ያለው ቱቦ መብራት አይወድም፤ አምፖል ላይ ካነጣጠርክበት ጠባሳ ይይዛል፤ ሻማ ሲንቀሳቀስ ጭራ ያወጣል። እኔ በ1980ዎቹ፣ ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግ ስቀርጽ ቱቦ ካሜራ የቀራቸው አንጋፋ ቀራጮች ነበሩ። እነሱ ሙሽራዋ ቬሎ ላይ የሚወርደውን የጭራ ብርሃን አይተው ካሜራውን፣ አንዳንዴም ዓመቱን ይነግሩሃል። ይህ ዕውቀት መጽሐፍ ላይ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። ግን መጽሐፉን ያነበበና ጭራውን ያየ ሰው አንድ አይደሉም።

ቅንብሩም ሌላ ጣጣ ነው። ቪዲዮ የሚቆረጠው ከዴክ ወደ ዴክ እየገለበጡ ነበር፤ በተገለበጠ ቁጥር ምስሉ ይደክማል። የሰርግ ኮፒ ኮፒ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አራተኛው ላይ ሙሽራውን ከሚዜው መለየት አይቻልም። ስለዚህ የአንድ ሥራ ሦስት ካሴት ሙዚየም መደርደሪያ ላይ ቢገኝ የትኛው እናት እንደሆነ፣ የትኛው ለኤግዚቢሽን እንደተገለበጠ መለየት የመጀመሪያው ሥራ ነው። አንዳንዴ በሳጥኑ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈች አንዲት መስመር ትፈታዋለች። አንዳንዴ ደግሞ አርቲስቱ ለጓደኛው የጻፈው ደብዳቤ። ለዚህ ነው ካሴቱና ወረቀቱ አንድ ቤት ይኑሩ የምለው።

ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ውስጥ የእኔን ሙያ ሰው በጣም የሚፈትነው ግን የጆአን ጆናስ «ቨርቲካል ሮል» ነው። የ1972 ሥራ ነው፤ 20 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። አሮጌ ቲቪ የነበራችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ፤ ምስሉ ከላይ ወደ ታች ይሮጣል፣ በሁለቱ ምስሎች መሐል ጥቁር ግንድ ይወርዳል። ያኔ ከበስተጀርባ ያለችውን ቁልፍ እናዞራለን፤ እምቢ ካለ በመዳፍ ጎኑን እንጠፈጥፈዋለን። ጆናስ ቁልፏን ሆን ብላ አበላሽታ ትታዋለች። ግንዱ በወረደ ቁጥር ማንኪያ ሲመታ ይሰማል፤ አካሏ፣ እግሯ፣ ጭንብል ያጠለቀ ፊቷ እየተቆራረጠ ያልፋል። አንድ ጊዜ ስትዘልል ግንዱን እየዘለለች ይመስላል። መጨረሻው ላይ ከሩጫው ውጪ፣ ከስክሪኑ ፊት ራሷ ትመጣና ወደ እኛ ታያለች፤ ከኋላዋ ምስሉ መሮጡን አላቆመም። እዚያ ላይ ሁለት ቴሌቪዥን እያየን እንደነበር ይገባናል፤ አንዱ የተበላሸው፣ ሌላው እሱን የሚቀርጸው።

ይህን ካሴት ስሙን ሳትነግር ለጎበዝ የቲቪ ጠጋኝ ስጠው፤ ከሰዓት በኋላ «ሠርቶልሃል ወንድሜ» ብሎ ሊመልስልህ ይሞክራል። እውነቱን ነው፤ ሙያው ይህ ነው። ኦክላንድ ውስጥ ከሥራ መልስ የሐበሻን ካሴት ወደ ፍላሽ ስገለብጥ በየጊዜው የሚያጋጥመኝም ይኸው ሩጫ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ካሴት ፓል በሚባለው የምስል ሥርዓት የተቀረጸ ነው፤ አሜሪካ የሠራችው በኤንቲኤስሲ ነው። አንዱን በሌላው ዴክና ቲቪ ስታስገባው ቀለሙ ይጠፋል፣ ምስሉ መሮጥ ይጀምራል። ሰው ደንግጦ ይመጣል፤ «የእናቴ ለቅሶ ተበላሸ» ይላል። ካሴቱ ምንም አልሆነም፤ የማያውቀው አገር ስለገባ ነው። ሁለት ሩጫ፣ ሁለት ምክንያት። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ለማያውቅ ዓይን አንድ ነው።

ወደ ካሴቱ አካል እንምጣ። የቴፑ መደብ ፕላስቲክ ነው፤ በላዩ የብረት ዱቄት አለ፤ ዱቄቱን ከፕላስቲኩ ጋር የሚያጣብቅ ሙጫ አለ። ሙጫው ዓመት በዓመት የአየርን እርጥበት ይጠጣና ይቀልጣል። ቴፑን ዴክ ውስጥ ስታስገባ ይጮኻል፤ እንደ በር ማጠፊያ ሲጥ ይላል። ሄዱ ላይ ጥቁር ቡናማ ዝልግልግ ይለጥፋል፤ ከዚያ ይቆማል፤ ካስገደድከው ይላጣል። የተላጠው ምስሉ ነው። ባለሙያዎቹ መድኃኒት አግኝተውለታል፤ ካሴቱን ለዳቦ በማይበቃ ሙቀት፣ ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ፣ ለብዙ ሰዓታት ምድጃ ውስጥ ያቆዩታል። እርጥበቱ ወጥቶ ሙጫው ለጊዜው ይጸናል። ለጊዜው ነው፤ ከዚያ በተሰጠህ አጭር ጊዜ ውስጥ አጽድተህ፣ አጫውተህ መገልበጥ ነው። ሁሉም ቴፕ ደግሞ ምድጃ አይገባም፤ የትኛው እንደሚገባ የሚወስነው አሁንም ሰው ነው።

ከተጋገረ በኋላ የሚያጫውተው ዴክ ያስፈልጋል። የግማሽ ኢንች ጥቅል የሚያጫውት ዴክ መሠራት ካቆመ ስንት ዘመኑ። የሚሠራው ቆሞ ከሚውለው አካል እየተነቀለለት ነው የሚኖረው፤ ቀበቶው፣ ጎማው፣ ሄዱ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ማህደር በ2015 ባወጣው ማስጠንቀቂያ 2025ን የመጨረሻ ገደብ ብሎ ነበር፤ እስከዚያ ያልተገለበጠ ማግኔት ቴፕ የሚድንበት ዕድል የጠበበ ነው ብሎ። ዩኔስኮም በ2019 ከድምፅና ምስል ማህደሮች ማኅበር ጋር ሆኖ ተመሳሳይ ጥሪ አሰምቷል። እዚህ ሳን ፍራንሲስኮ በ1976 የተመሠረተው የቤይ ኤሪያ ቪዲዮ ኮኣሊሽን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይህን የማዳን ሥራ ይሠራል፤ እንዲህ ያለ ቦታ በዓለም ላይ ብዙ የለም። ማስጠንቀቂያዎቹ የሚያነሱት ማሽኑን ብቻ አይደለም፤ አስተካካዩም በጡረታ እየወጣ እንደሆነ ይናገራሉ። ሰው የሚያነበው ግን የማሽኑን ክፍል ነው።

አሁን ከዚያው ከበርክሌይ ሙዚየም ሌላ ምሳሌ። አንት ፋርም የሚባሉ ወጣት አርክቴክቶች ነበሩ፤ በ1968 የተሰባሰቡ፣ ከቤት ይልቅ ቀልድ የሚሠሩ። ጁላይ 4 ቀን 1975 በሳን ፍራንሲስኮ ዳርቻ ካው ፓላስ በተባለው አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ቴሌቪዥኖችን እንደ ግንብ ከመሩ፤ እሳት ለቀቁበት። ከዚያ የ1959 ካዲላክ፣ ጣሪያው ተሸፍኖ፣ ሁለት የጠፈርተኛ ልብስ የለበሱ ሰዎች ይዘው መጥተው በግንቡ መሐል ሰነጠቁት። ነጂዎቹ በመስታወት አያዩም፤ መኪናው ላይ የተተከለ ካሜራ፣ መኪናው ውስጥ ባለ ስክሪን መንገዱን ያሳያቸዋል። ቴሌቪዥን እያዩ ቴሌቪዥን ገጩ ማለት ነው። «ሚዲያ በርን» ይባላል።

እኔን የያዘኝ ፍንዳታው አይደለም። የከተማው የዜና ጣቢያዎች መጥተው ቀርጸውት ነበር፤ ማታ ዜና ላይ እየሳቁ አወሩበት። አርቲስቶቹ ያንን ዜና ከቴሌቪዥን ቀድተው በራሳቸው ቪዲዮ ውስጥ አስገቡት። ስለዚህ አንዱ ሥራ ውስጥ የተለያየ ጥራት ያለው ምስል አለ፤ የራሳቸው ካሜራ ያየውና ከአየር ላይ የተቀዳው። የተቀዳው ደከም ያለ ነው፤ መድከሙ ግን «ይህ የዜናው ድምፅ ነው» ይላል። ሁሉንም እኩል አጥርቶ፣ እኩል አድምቆ የሚያወጣ ፕሮግራም ይህን ልዩነት ይደመስሰዋል። ተመልካቹ የቱ የአርቲስቱ፣ የቱ የዜናው እንደሆነ በዓይኑ የሚለይበትን ምልክት ያጣል። ሥራው ደግሞ ስለዚያ ልዩነት ነው።

በ1978 የአንት ፋርም ስቱዲዮ ተቃጠለ፤ ቡድኑም በዚያው ተበተነ። የተረፈው ማህደር ዛሬ በርክሌይ ነው። ከእነሱ ጋር ይሠሩ የነበሩት ቲቪቲቪ የተባለው የቪዲዮ ቡድን ልጆች፣ በ1972 ማያሚ የሪፐብሊካኖችን ጉባኤ በፖርታፓክ ገብተው ከመድረኩ ይልቅ ጋዜጠኞቹን የቀረጹት፣ የእነሱም ጥሬ ቀረጻ እዚያው ይገኛል። እዚያ ላይ አልቆይም።

ለምን ዩኒቨርሲቲ? መጀመሪያ ነገር፣ ቪዲዮን ማንም ሳይፈልገው የተቀበለው ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ። በአሜሪካ ሙዚየም ውስጥ ከታዩት የቪዲዮ ኤግዚቢሽኖች የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው በ1970 የብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ሮዝ አርት ሙዚየም ያሳየው ነው። በርክሌይ ደግሞ በ1970ዎቹ መጨረሻ ዴቪድ ሮስን ዋና አሰናጅ አድርጎ አመጣው፤ ሮስ በ1971 በሲራኪዩስ ኤቨርሰን ሙዚየም የቪዲዮ ክፍል ሲይዝ እንዲህ ያለ ሹመት ሌላ ቦታ አልነበረም። ያኔ ቪዲዮ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፣ ጨረታ ላይ አይወጣም፣ የሀብታም ሳሎን አያደምቅም ነበር። ካሴቱን ሁለት ብታደርገው ለገዢ የትኛውም «ዋናው» አልነበረም። የሚሸጥ ነገር ባልነበረበት ዘመን የገዛው፣ ወይም ባዶ መደርደሪያ የሰጠው፣ ማስተማር ሥራው የሆነ ቤት ነው።

ሁለተኛው፣ ተማሪ ስላለ። ከነጋዴ ስቱዲዮ የሚለየው ይኸው ነው። ስቱዲዮ በሰዓት ነው የሚያስከፍለው፤ በካሴት አንድ ቀን ሊያቃጥል አይችልም። ተማሪ ግን የቻን ማስታወሻ ግራ እጁ ላይ፣ ስክሪኑን ፊት ለፊት አድርጎ ለ8 ደቂቃ ሥራ አንድ ሴሚስተር ይቀመጣል። እብደት ይመስላል፤ ግን ለዚህ ነው የገባው። አጠገቡ ደግሞ ዴኩን የሚያውቀው አሮጌ ሰው አለ። ያ ሰው ጡረታ ሲወጣ ቢያንስ አንድ ሰው እጁን አይቷል።

ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ይለቀቅና ይገላገሉ የሚል ወዳጅ አለኝ። ኮምፒውተር ነው ሙያው፤ ጥሩ ልጅ ነው፤ እንከራከራለን። መልቀቁን አልቃወምም፤ እኔም ያየሁት ብዙው በዚያ ነው። ችግሩ ፋይሉ ከተለቀቀ በኋላ ካሴቱ ወጪ ብቻ ሆኖ ይታያል፤ መጋዘኑ ይጠበዋል፣ ከዚያ አንድ ቀን አንድ ሰው «ተገልብጧል እኮ» ይላል።

ይህን የምለው ስላየሁ ነው። እዚህ አገር ያለ አንድ ካሴት የሚገለብጥ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ የአንዲት እናታችንን ካሴት ገልብጦ ሰጣቸው፤ ዋናውንም አስወገደው። እማማ ፍላሹን ይዘው ወደ እኔ የመጡት «ልጄ፣ ምርቃቱ የለም» ብለው ነው። የሴት ልጃቸው ቅልቅል ነው። ቀራጩ በመሐል የሌንሱን ክዳን ሳይከፍት ቀርቶ ምስሉ ጥቁር ሆኖ ረጅም ጊዜ ሄዷል። ድምፁ ግን ተቀድቷል፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ ሟቹ ባለቤታቸው ቆመው ሲመርቁ፣ ሰዉ «አሜን፣ አሜን» ሲል። እማማ ለዓመታት ያንን ጨለማ ነበር የሚያዩት። ድርጅቱ «ባዶ ክፍሎችን በራሱ ይቆርጣል» የሚል ፕሮግራም ነበረው፤ ቆረጠው። ወረቀታቸው ላይም እንደ ተጨማሪ አገልግሎት ተጽፏል፤ አስከፍለውበታል።

ምን ላድርግላቸው? ካሴቱ ቢኖር አንድ ቀን ሥራ ነው።

ሙዚየምም ያው ነው፤ ልዩነቱ የሚጠፋው ነገር ባለቤት መጥቶ አለመጮሁ ነው። ቻ መጥታ «ነጠብጣቤን የት አደረሳችሁት» አትልም።

ገንዘቡስ ለሚለኝ፣ ጥያቄው ትክክል ነው። እኔ የምኖረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መኪና ውስጥ የሚያድርበት አካባቢ ነው፤ ለአፍ ቪዲዮ ምድጃ ሲገዛ ማየት ሊያናድድ ይችላል። ግን ወጪው የት ነው የሚሄደው ብለህ ብትጠይቅ ያለማቋረጥ የሚፈስሰው ፋይል ማኖሪያው ላይ ነው፤ ያልተጨመቀ ቪዲዮ ከባድ ነው፣ በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ ማኖሪያ ይዛወራል፣ ይህም ማለቂያ የለውም። በዚያ ላይ ሳይለይ የተገለበጠ ሁሉ፣ የተሳሳተው ኮፒ ጭምር፣ ለዘለዓለም ኪራይ ይከፈልበታል። በመጀመሪያ ቀን የሚለይ ሰው የተቀጠረ ቢሆን ግማሹ ባልገባ ነበር።

የእኛም ሰው እዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ቴዎ እሸቱ በ1958 ለንደን ተወለደ፤ አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ ከተማ አደገ፤ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በቪዲዮ የሠራ ነው። አያቱ የታሪክ ጸሐፊው ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ናቸው፤ በ1997 ስለ ኢትዮጵያ የሠራው ፊልም በእሳቸው በኩል የሚሄድ ነው። የአክሱም ሐውልት ከሮም ከተመለሰ በኋላ በ2009 የሠራው ደግሞ በ15 ስክሪን የሚታይ ነው፤ አደራደሩን የወሰደው የንግሥት ሳባን ታሪክ በሳጥን በሳጥን ከሚያሳየው የእኛ ባህላዊ ሥዕል ነው። ያ ሥዕል ቤቱ ያልነበረ ማን አለ።

እንዲህ ያለው ሥራ ከካሴት በላይ ያስጨንቃል። 15ቱ ስክሪኖች እኩል መሄድ አለባቸው። የስክሪኑ መጠን፣ በመሐላቸው ያለው ክፍተት፣ የቱ ከላይ የቱ ከታች የሚለው ሁሉ ሥራው ነው። ፋይሉን ብቻ ያስቀመጠ ሰው 15 ቪዲዮ አለው፤ ሥራው የለውም። አሁን አርቲስቱ በሕይወት አለ፤ ይጠየቃል። ከሃያ ዓመት በኋላ ሥራውን የሚተክል ሰው ማንን ይጠይቅ? ዛሬ አንድ ተማሪ ወረቀት ይዞ አጠገቡ ቢቀመጥ፣ የቱ ሊለወጥ እንደሚችል የቱ ፈጽሞ እንደማይነካ ቢያስጽፈው፣ ከማንኛውም ሰርቨር ይበልጣል።

ስለዚህ ስድስት ኪሎ ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም እንደመሆኑ፣ ይህን ሥራ በትንሹ ይያዘው እላለሁ። ሕንፃ አልጠየቅሁም። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት ተማሪዎች አሉ፤ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከጀመረች ከ1964 ወዲህ ቴፕ ሲያጠልቁ ጸጉራቸው የነጣ ቴክኒሻኖች አሉ፤ በየሰፈሩ አቧራ የጠጣ ፓል ዴክ አለ፤ እዚህ እኔ ለአንዱ ቀበቶ ፍለጋ ወር የምጨርስበት ዴክ እዚያ በኪሎ ይሸጣል። ለመጀመሪያው ዓመት ከዴኩ በፊት የሚገዛ ነገር ካለ የአንድ ጡረተኛ ቴክኒሻን ጊዜ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ ሁለት ተማሪ አብረውት ይቀመጡ። በየካሴቱ መዝገብ ላይ፣ ከርዕስና ከዓመት ቀጥሎ፣ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ የሚታየው ጉድለት ምን እንደሆነ፣ የት ደቂቃ ላይ እንደሆነ፣ ማን እንዳመጣው፦ ሠሪው፣ መሣሪያው፣ ወይስ ዕድሜ። ካልታወቀ «አልታወቀም» ይባል፤ እስኪታወቅ ድረስም ማንም አይንካው።